አቧራ የለበሰው ብየዳ

«በዚያኛውም ይሞክሩልኝ፣ ጋሼ» አለች ክብሪት ጥርሷን ነክሳ።

የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ ኬብሉን ነቅሎ ሦስተኛው ድምፅ ማጉያ አምፕ ላይ ሰካው። ጊታሩ የክሮቹን ንዝረት ይዘው ወደ አምፑ የሚልኩ ሁለት ፒክአፖች አሉት። በአንገቱ በኩል ያለው በሦስቱም አምፖች ወፍራምና ሞቅ ያለ ድምፅ ሰጠ። ወደ ሌላኛው ሲያዞረው ግን በትንሹም፣ በትልቁም፣ በአሮጌውም የወጣው ያው ቀጭን ጩኸት ነበር፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ትንኝ ይመስላል።

«አምፕ ቢለዋወጥም ያው ነው። ችግሩ ፒክአፑ ነው፤ ርካሽ ዕቃ አስገብተውበታል» አለ።

«ብዬ ነበር!» ጠረጴዛውን በጡጫዋ መታችው። «ቀጮ ናት! ልለማመድበት ብላ ሁለት ቀን ወስዳ ለወጠችው! ደግሞ 'አምፑ ይሆናል' ትለኛለች!»

ክብሪት ያሏት ቶሎ ስለምትቀጣጠል ነው። ቀጮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት፤ ነበረች ማለት ይሻላል። ማክሰኞ ዕለት ጊታሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በትምህርት ቤቱ አምፕ ሲሞክሩት ያ የትንኝ ድምፅ ወጣ። በእረፍት ሰዓት ክብሪት ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ሌባ!» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ቀጮ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ።

ጠጋኙ ብሎኖቹን ፈትቶ መብራቱን አቀረበ።

«ጓደኛሽ መቼ ነው የወሰደችው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ነይ እዪ እንግዲህ።» ሽቦዎቹ የተበየዱበትን ቦታ በጣቱ ጠረገው። ጣቱ አቧራ ለብሶ ወጣ። «ይሄ ከተበየደ ዓመታት አልፈውታል። እስከ ዛሬ በምን አምፕ ነበር የምትጫወቺው?»

«ቤት፣ በወንድሜ።» ድምጿ ወረደ። «በሱ ብቻ።»

«አንዳንድ አምፕ ገመና ሸፋኝ ነው» አለ ጠጋኙ።

ጊታሩን «ማንም ያልነካው» ብሎ የሰጣት ታላቅ ወንድሟ ነው። እዚያው ቆማ ደወለችለት።

«ፒክአፑን ማን ነው የለወጠው?»

ሳቀ። «እሱን ነው? ዋናውን ድሮ ሸጬዋለሁ። በኔ አምፕ መች ያስታውቃል?»

ጆሮዋ ጋለ። ማክሰኞ ራት ላይ ቀጮን ስትረግማት፣ እሱ ፊት ለፊቷ እየጎረሰ «ድሮም አላምናትም» ብሎ ነበር።

«እያወቅክ? ልጅቷን ሌባ ስላት እያወቅክ?»

«ክብሪትዬ፣ አታካብጂ። ትረሳዋለች። በቃ አምፑን ውሰጂው፣ ያንቺ ይሁን። ወሬው ግን አባዬ ጋ እንዳይደርስ፤ እዚሁ እንቅበረው።»

ያንን አምፕ ስትመኝ ዓመታት ሆኗታል። «አምፕህን እዚያው!» ብላ ዘጋችበት። በወንድሟ ነደደች፤ በራሷ ግን ባሰባት። እሱ ዋሽቷል፣ እሺ። አግዳሚው ላይ ማንም ገፍቶ አላወጣትም።

«ሌላ ፒክአፕ ልፈልግልሽ?» አለ ጠጋኙ።

«አይ፣ እንዳለ ይግጠሙት።»

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ቀጮ ግድግዳ ተደግፋ ብቻዋን ቆማለች። ክብሪት ጠጋ ብላ በጆሮዋ ይቅርታ ልትላት ዳዳት፤ ሹክ ብላት ማንም አይሰማም። ስድቡን ግን የሰማው ግቢው ሁሉ ነው።

ጊታሩን እንዳነገተች ወደዚያው አግዳሚ ሄደችና ወጣችበት።