ከመዝገብ ያልተሰረዘው ሬዲዮ

ወረቀቱ በዳቦ ከረጢት ውስጥ መጣ።

ያመጣው ሰው በሩ ላይ አልቆየም። ዘበኛው ከረጢቱን ተቀበለና ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረ። ቅንድብ ከጠረጴዛዋ ቀና አላለችም። መበየጃው በእጇ ነበር።

በዚህ ቤት የሚያውቋት በሬዲዮ ጠጋኝነቷ ነው። ቅንድብ የሚለውን የምስጢር ስሟን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የፖሊስ አዛዡና በሰላይነት እዚህ የላካት አለቃዋ፣ አናጢ የሚባለው። ከገባች አስራ አንድ ቀኗ ነው። ከዚህ ክፍል አንድም ቀን አልወጣችም። መስኮቱ በብረት ታጥሯል። ስልኳን ገና የመጣች ዕለት ወስደውባታል። የሰባት ዓመት ልጇ ከአክስቷ ጋር ናት፤ እናቷ ለሥራ ራቅ ብላ የሄደች ይመስላታል።

የቤቱ ጌታ ጋሼ ይባላል። መድኃኒት የጫኑ መኪኖችን ይዘርፋል። ባለፈው ወር ፖሊስ ሊይዘው ሲመጣ ወሬያቸውን በሬዲዮ እያዳመጠ መንገድ ላይ ጠበቃቸው። ሦስት ፖሊሶች ሞቱ። ከአንደኛው ሬሳ ላይ የተወሰደው የእጅ ሬዲዮ አሁን ቅንድብ ፊት ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ ፖሊስ ሞገዱን ሊቀይር ወሰነ። ዛሬ ልክ በስድስት ሰዓት አሮጌው ሞገድ ይዘጋል። ወዲያው አራት መኪና ወደ ጋሼ መጋዘን ይወጣል። ግን አዲሱን ሞገድ ለጋሼ የሚሸጥ ሰው ከውስጥ አለ። ማን እንደሆነ ሳይታወቅ መኪኖቹ ከወጡ ያለፈው ወር ይደገማል።

ሻጩን መለያው ዘዴ ቀላል ነበር። አናጢ አዛዡ ባለበት አስረድቷታል። ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛ የሚሰጠው የአዲሱ ሞገድ ቁጥሮች ዝርዝር አስራ አንድ መስመር አለው። ለጸሐፊዋ የሚሰጠው አስራ ሦስት። እውነተኛው ዝርዝር አስራ ሁለት ነው። እሱ ከአናጢ ኪስ አይወጣም።

ጋሼ ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው። ሬዲዮ ላይ ቁጥር መሙላት አይችልበትም። እያጉረመረመ ፊቷ አኖረላት።

ቆጠረች።

እንደገና ቆጠረች።

አስራ ሁለት።

ከአናጢ ኪስ የማይወጣው። አናጢ መለያውን የነገራት አዛዡ አጠገባቸው ስለነበረ ነው። ደግሞስ ምን ያስፈራዋል? ከዚህ በሕይወት ካልወጣች ለማን ትናገራለች?

«ምነው አትጀምሪም?» አለ ጋሼ።

«ራበኝ ጋሼ።»

«ጨርሺና ትበያለሽ። ከዚያ ልጆቹ ቤትሽ ያደርሱሻል።»

ስለ ቤቷ አንስቶ አያውቅም። ከረጢቱን ሲያራግፈው ፎቶ ወደቀ። ቶሎ አንስቶ ኪሱ ከተተው። እሷ ግን አይታዋለች፤ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ እሷና ልጇ። ከአናጢ መሳቢያ በቀር የትም ያልነበረ ፎቶ ነው።

ቁጥሮቹን ሞላች። ጣቶቿ ሥራቸውን ስለሚያውቁ ሠሩ።

ስድስት ሰዓት።

አሮጌው ሞገድ ጭጭ አለ። ወደ አዲሱ አዞረችው። የጥሪ ሠራተኛዋ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ፖሊሶቹ እማማ የሚሏት፣ ተማሪ እንደምትቆጣጠር መምህርት የምትናገር ሴት። እያንዳንዱን ሬዲዮ በቁጥሩ ትጠራለች። የተጠራው አለሁ ይላል።

«አስራ አራት።»

መልስ የለም።

«አስራ አራት።»

ዘበኛው ሳቀ። አስራ አራት እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ያለው ነው። «ይቺ ሴትዮ ሙት ትጠራለች እንዴ?»

«ይሰረዝ ተብሎ ካልተፈረመ ሙትም ይጠራል» አለ ጋሼ። «መንግሥት ቤት ሠርተህ አታውቅም።»

ደንቡ ሦስት ጊዜ ጥሪ ነው። አንድ ቀርቷል። የጋሼ ሰዎች ሳላቸው እንዳይሰማ ብለው የመናገሪያውን ሽቦ ቆርጠውት ነበር። ባለፈው ሳምንት የባትሪውን መያዣ ስትበይድ ሽቦውንም በይዳዋለች። ይሥራ አይሥራ አልሞከረችውም።

«አስራ አራት።»

የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነችው።

«አስራ አራት አለሁ። ቅንድብ ነኝ። ለአዛዡ ንገሩት፤ የመጣው አስራ ሁለት መስመር ነው። የሸጠን አናጢ ነው። መኪኖቹ ወደ መጋዘን አይሂዱ። ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ...»

ዘበኛው ከጠረጴዛው ያነሳው መዶሻ እጇ ላይ አረፈ።

ጣቷን አላነሳችም። «ሁለተኛ ፎቅ» ብላ ደገመች። ሁለተኛው ምት ሬዲዮውንም ጣቶቿንም አደቀቀ።

ሬዲዮው መልስ ሳያሰማ ሞተ። መሰማቷን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ዘበኛው ሊጨርሳት መዶሻውን አነሳ። ጋሼ ጊዜ የለንም ብሎ ከለከለው። በሩ ላይ ዞር ብሎ ኪሱን መታ መታ አደረገ።

«እኔና አንቺ በልጅሽ በኩል እንገናኛለን።»

ከውጭ ቆለፉባት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠቀለለች። ከታች እግር ሲሮጥ ሰማች፣ ከዚያ ምንም። የትኛው ወገን ቀድሞ እንደሚመለስ አታውቅም። በሩ ሲሰበር ዓይኗን ጨፈነች።

«አስራ አራት?» አለ አንድ የፖሊስ ልብስ የለበሰ ወጣት።

አራቱ መኪኖች አንድም ሰው አልጎደለባቸውም። አናጢ ወንበሩ ላይ እንዳለ ተያዘ። ዘበኛው ደረጃው ላይ ተያዘ። ጋሼ አመለጠ።

አዛዡ ሆስፒታል መጣ። እጇ በፋሻ ታሽጎ ነበር። ልጅቷንና አክስቷን በዚያው ቀን ወደ ሌላ ከተማ እንዳሻገሯቸው ነገራት። ወዴት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ጋሼ የሚፈልገው እናትና ልጅ ነው» አለ። «እስኪያዝ ድረስ እናትና ልጅ መሆን የለባችሁም። ባታውቂው ይሻላል፣ እህቴ።»

አላለቀሰችም። ልጅቷ ብርድ እንደማይስማማት፣ ስትተኛም እግሯን እንድትሸፍንላት ለአክስቷ እንዲነግርላት ለመነችው። አዛዡ ጻፈው።

አሁን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ የቆሙ ቬንትሌተሮችን የምትጠግን ሴት አለች። ቀኝ እጇ ብሎን አይይዝም። ደንበኞች ስሟን አይጠይቁም።

ትናንት አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ የቬንትሌተሩን ክንፍ በጣቷ እያሽከረከረች ሳቀች። እናቲቱ ይቅርታ ጠየቀችና፣ ለጨዋታ ያህል፣ «አንቺስ ልጅ አለሽ?» አለቻት።

«የለኝም» አለች ጠጋኟ።

ካቻቢቴውን በግራ እጇ አንስታ ወደ ሥራዋ አጎነበሰች።