ከላይ የተቀመጠው ቀለም

ወይ ያ ቤት! ሁለት ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ከወገቡ በታች በድን ሆኖ የተቀመጠ አባት። ድሮ የትልቅ መጋዘን ትዕዛዝ ለቃሚ ነበር፤ ደንበኛ ያዘዘውን ዕቃ ከየመደርደሪያው ሰብስቦ የሚያሽግ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለ ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ ሲደረድር ባልደረቦቹ «መሐንዲሱ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አንድ ቀን ግን እዚያው መደርደሪያ ሥር ተዘርሮ ተገኘ። የመጋዘኑ መዝገብ «ያለ መሰላል መደርደሪያ ላይ ወጥቶ በራሱ ጥፋት ወደቀ» አለ። ምስክሩስ ማን ነበር? እዚያው አብሮት የሚሠራው የገዛ ልጁ!

ልጁ ብዙም ሳይቆይ አለቃ ሆነ፤ የአባቱንም ደጃፍ ዳግመኛ አልረገጠም። እናት ሐዘኑ ገደላት። ቤቱ በሴት ልጅየዋ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ እሷም የአባቷን ሥራ ያዘች። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ግን ይደክማታል። አባቷን አንሥታ፣ አጥባ፣ አጉርሳ ስትጨርስ ምሬቷ ያመልጣታል።

«አባዬ፣ ለሌላው ስትመክር ኖረህ አንተን ያለ መሰላል ምን አንጠለጠለህ?»

«ጥፋት ነው ልጄ» ይልና ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘውን ማን ያውቅለታል?...

አንድ ጠዋት የትዕዛዝ ወረቀቷን ይዛ፣ ጋሪዋን እየገፋች ቀለም ክፍል ደረሰች። ቀና ስትል ክው አለች! ባለ ሃያ ሊትሩ የቀለም ቆርቆሮ ሁሉ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ተቆልሏል፤ የዳር የዳሩ ግማሽ ጎኑ ወደ ውጭ ወጥቷል። ጋሪዋን መተላለፊያው ላይ አጋድማ ቆመች። የለቃሚው ሁሉ ጋሪ ከኋላዋ ተሰለፈ። ደጅ የጭነት መኪናው ጥሩንባውን ይነፋል። ወንድሟ እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆነሽ ነው መንገድ የዘጋሽው? መኪናው እኮ እየጠበቀ ነው!»

«ይኼን ከላይ ማን ሰቀለው?»

«ታች ቦታ ጠቦኝ እኔ ነኝ ያስወጣሁት። በይ ዞር በይ!»

«አልዞርም! ሳይወርድ ማንም ከሥሩ አያልፍም። አባዬ የወደቀው እዚህ ነው።»

«አባዬ አልወደቀም!»

አመለጠው! እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እዚያው ሰው ፊት ተንበረከከ።

«አልወደቀም እህቴ... እታች ቆሞ ነበር። ያን ጊዜም ቆርቆሮውን ከላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ወረደበት። ‹ያለ መሰላል ወጥቶ ወደቀ በል፤ አንተ ገና ወጣት ነህ፣ ሥራህን እንዳታጣ› አለኝ አባዬ ራሱ። እኔም ፈረምኩ።»

ስድስት ዓመት! በየማለዳው የወረወረችው ያ ቃል ሁሉ ዛሬ ተመልሶ እሷኑ ወጋት። ልትረግመው አፏን ከፈተች፤ ግን ቀና ብላ ቆርቆሮዎቹን አየች።

«ተነሥ» አለችው። «መጀመሪያ ይኼን እናውርድ። ከዚያ ለኔ የነገርከኝን ለሁሉም ትናገራለህ።»

ዕቃ በሚያነሣው ማሽን በፎርክሊፍት አንድ በአንድ አወረዱት። መኪናውም ጠበቀ። ወንድምየው በሥራ አስኪያጁና በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆሞ እውነቱን አንድ ሳያስቀር ተናገረ፤ አለቅነቱንም በፈቃዱ መልሶ ጋሪ ለመግፋት ወረደ። ቤት ሲደርስ አባቱ እግር ላይ ተደፋ።

«እኔ ያን ዕለት ነው ይቅር ያልኩህ» አለ አባት። «ደጃፌን አልዘጋሁብህም፤ የቀረኸው አንተ ነህ የኔ ልጅ።»

በሳምንቱ መዝገቡ ታረመ፤ መሐንዲሱም አዲስ ገቢዎችን እንዲያስተምር ተጠራ። በተሽከርካሪ ወንበር፣ ከኋላ ልጁ እየገፋው፣ ከጎኑ ሴት ልጁ እያለቀሰች ሲገባ ሠራተኛው ሁሉ ጋሪውን ትቶ አጨበጨበ! ሽማግሌው ዐይኑን ጠራርጎ ዙሪያውን ቃኘና፣ «ጭብጨባው ይቆየንና ያንን ካርቶን ከመንገድ አንሡት፤ ሰው ያደናቅፋል» አለ። ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው!

ዕጣ ፈንታ እግሩን አልመለሰችለትም፤ ለማንስ መልሳ ታውቃለች? ስሙን ግን ሁለቱ ልጆቹ መለሱለት።