«ይነሳ» የሚለው ቃል

ሽማግሌው መሐንዲስ ከተናደው የእንጨት ፎቅ ሥር ሞቶ ሲገኝ፣ ፖሊሶች መጀመሪያ የያዙት የአንዲትን እናት ልጅ ነበር። እናት የፖሊስ መርማሪዋን ፎቁ እስከተናደበት አሮጌ ሕንፃ ድረስ ተከተለቻት።

«የኔ እመቤት፣ ልጄ ጉንዳን እንኳ ረግጣ አታውቅም! የግድ ሰው መታሰር ካለበት እኔን ውሰዱኝ!»

«እማማ፣ ይረጋጉ። ላጣራ።»

ልጅቷ የጥንታዊውን ሕንፃ ሞዴል በኮምፒውተር የምትሠራ ናት። እያንዳንዱ ምሰሶ፣ በርና ስንጥቅ ሞዴሉ ውስጥ አለ፤ ሲነኩት ዕድሜውንና ጉዳቱን ያሳያል፤ ጠጋኞቹ ምን ማድረግ እንዳለባቸውም ይነግራል። ፎቁን ደግፎ በያዘው ቋሚ ላይ «ይነሳ» ብላ የጻፈችው እሷ ናት።

«ፎቶ ይነሳ ማለቴ ነው!» አለች ልጅቷ፣ ካቴና በገባበት እጇ እንባዋን እየጠረገች።

የጠጋኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ትከሻውን ሰበቀ። «ይነሳ አለች፣ ነቀልኩት። ሽማግሌው ፎቁ ላይ እንደሚወጣ በምን ልወቅ?» ከዚያ ፈገግ አለ። «እሷ እንደሆነች የማትጽፍበት ነገር የለም። በሩም ይነሳ፣ ደረጃውም ይነሳ! አንድ ቀን የኔም ተራ ይደርሳል ብዬ ፀጉሬን አበጥሬ ነው የምመጣው።»

የሕንፃው ዘበኛ ሳቀ። እናት ግን ልጇን በአንዲት ቃል ልታጣት ነው።

መርማሪዋ ሞዴሉን ስታገላብጥ ቆይታ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። የሟቹ ሚስትም መጥታ ከልጅቷ እናት አጠገብ ተቀመጠች።

«ፎርማን፣ ደረጃው ላይም ይነሳ ይላል። ለምን አልነቀልከውም?»

«እሱማ ለፎቶ ነዋ!»

«ፀጉርህንም ያበጠርከው ለፎቶ ነው። ስለዚህ ቃሉን አሳምረህ ታውቀዋለህ።»

መርማሪዋ ወደ ዘበኛው ዞረች።

«ዘበኛ፣ ሟቹ ሲገቡ ምን አሉህ?»

«ፎርማኑ ስንጥቅ ላሳይህ ብሎ ላይ ጠርቶኛል አሉ።»

«እስካሁን ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

መርማሪዋ ስክሪኑን ወደ ሰዎቹ አዞረች። «ባለፈው ዓመት ይህ የተቀረጸ ምሰሶ ስንጥቅ ነበረው። ዛሬ የለውም። እንጨት እንደ ሰው ቁስሉ አይሽርለትም። ፎርማን፣ አሮጌዎቹን ምሰሶዎች ሸጠህ፣ አዲስ እንጨት አስቀርጸህና ቀለም ቀብተህ አቆምክ። መሐንዲሱ ነቁብህ። ቋሚውን ነቅለህ ጠራሃቸው፤ ጥፋቱንም በልጅቷ ቃል አላከክህ።»

«ዝም በል ብዬ ለምኜው ነበር!» ብሎ ጮኸ ፎርማኑ።

ካቴናው ከልጅቷ እጅ ተፈታ። እናት እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«ለእንጨት?» አለች አጠገቧ ያለችው የሟቹ ሚስት፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ባሌን ለእንጨት ነው የገደልከው?»

እናት እልልታዋን ዋጠች። ልጇ እጆቿን ዘርግታ ስትመጣ እያየች፣ መጀመሪያ ዞራ ሴትዮዋን አቀፈቻት።