የእትዬ የሻሽ ፍላሽ

«እናቴን አየሻት? ድምጿስ ይሰማል?»

እትዬ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ በሩ ላይ ቆመዋል። በዚያ የካርቱም ፀሐይ በእግራቸው ስለመጡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ልደት ከወንበሯ አልተነሳችም። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለ ይሞላል፤ አስቂኝ የአማርኛ ድራማ፣ ከነሙሉ ክፍሉ፣ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ነው። ፍላሹ የእትዬ የሻሽ ነው።

«የምን እናት?» ልትል ነበር። አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ወደተሰካው ፍላሽ ሄደ።

ፍላሹን ጠዋት ያመጣው የባለሦስት እግሯ ረክሻ ሾፌር ሙጅታባ ነው። በዓረብኛ «ከየሻሽ ነው» ብሎ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ አቀብሏት ሄደ። ዴም ሰፈር ውስጥ ለልደት ፍላሽ የሚልክላት ሐበሻ ሁሉ የሚፈልገው መዝሙር ወይም ድራማ እንድትሞላለት ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብትሆንም የሰፈሩ «መሐንዲስ» እሷ ናት። ሙያውን ያስተማራት አብራው የምትኖረው አጎቷ ጥዑመልሳን ነው፤ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ይሠራል። «የሰው ፍላሽ የቫይረስ መናኸሪያ ነው» ይላታል ሁልጊዜ። «መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቂ። ከዚያ ፎርማት አድርጊ፣ ያለውን ሁሉ ጥረጊ። ከዚያ ሙዪ።»

መጠየቁን ከተወችው ቆይታለች። ብትጠይቅም ሰዎች «ምንም የለውም፣ አጥፊው» ነበር የሚሏት። ስለዚህ ዛሬም ሳትከፍተው ፎርማት አደረገችው፤ ሻይዋን እየጠጣች፣ በግራ እጇ።

«ምነው ዝም አልሽ ልጄ?» አሉ እትዬ የሻሽ። «ጎንደር ያለው ወንድሜ ዓባይ ነው የላከልኝ። እናቴ ልትሞት ስትል በስሜ እየጠራችኝ መርቃኛለች አሉ። እሱን ቀርጿል፤ ቀብሩንም ቀርጿል። በመተማ በኩል በሚመጣ ሰው ነው የደረሰኝ። ቴሌቪዥኑ አላነብም ቢለኝ ለሙጅታባ ‹ልደት ታስተካክልልኝ› ብዬ ሰጠሁት። ዓርብ አርባዋ ነው። ሰው ሰብስቤ ልናያት ነው እንጂ፣ እኔማ ምን ለቅሶ ደረስኩ?»

ለቅሶ ያልደረሱት ኢቃማቸው አልቆ ነው። ያለ መኖሪያ ፈቃድ ከሱዳን የወጣ ሰው መመለሻ የለውም፤ እሳቸው ደግሞ እዚህ የሚያሳድጓቸው ልጆች አሏቸው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልደትም ታውቃለች።

«ባዶ ነው» አለች። ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣው። «ወላሂ እትዬ፣ ባዶ ነው የመጣው።»

 እትዬ የሻሽ በሩን ደገፍ አሉ። «ባዶ?» አሉ። «ዓባይ ባዶ ላከልኝ?» ልደት ጎንበስ ብላ ፍላሹን ነቀለችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው። «እስቲ አጎቴ ይየው፤ ኢንሻላህ…» አለች። እሳቸው ግን ፊታቸውን አዙረው ወጥተው ነበር።

ማታ ጥዑመልሳን ከሥራ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ነገረችው። ይቆጣል ብላ ነበር፤ አልተቆጣም። ያ ደግሞ ባሰባት።

«ፎርማት ብቻውን አይገድልም» አለ ኮምፒውተሩ ፊት እየተቀመጠ። «የመጽሐፍ ማውጫ እንደ መቅደድ ነው፤ ገጾቹ አሉ። የሚጠፋው በላዩ ላይ ስትጽፊበት ነው። ጻፍሽበት?»

«ጻፍኩበት።»

«ምን ያህል?»

«ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው።»

አጎቷ ፀጉሩን አሻሸ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ከፈተ። ፍለጋው አጋማሽ ላይ መብራት ሄደ፤ ሲመጣ እንደገና ጀመሩት። ልደት በሆዷ ትጸልያለች። በመጨረሻ ፕሮግራሙ አንድ ትልቅ ቪዲዮ አወጣ፤ ስሙ «እማዬ» ይላል። እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። ጥዑመልሳን ከፈተው።

ቪዲዮው ውስጥ የድራማው ቀልደኛ ሱሪው ተቀዶ ሲሮጥ ታየ፤ ሰዎች ይስቃሉ። ጥዑመልሳን ድምፁን ቶሎ ዘጋው። በቦታው ድራማው ተጽፎበታል፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር።

«ቴሌቪዥኑ ያላነበበው የቪዲዮው ዓይነት አልስማማ ብሎት ይሆናል» አለ ቆይቶ። «መቀየር ብቻ ነበረበት። ቀላል ነገር ነበር።» ባይነግራት በወደደች።

«ጋሼ፣ ሌላ ፕሮግራም የለም? የቢሮ ሰዎች ጋ?»

«ኸላስ ልደት፣ አለቀ። በላዩ የተጻፈበትን ማንም አይመልሰውም።» ፍላሹን ነቅሎ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። «ስሚ፤ ብትነግሪያቸው እናታቸውን አትመልሽላቸውም። እኛ ደግሞ ነገም እዚሁ ሰፈር ነዋሪ ነን። ባዶ ነው ብለሻል፤ ባዶ ይሁን። ዝም በይ።»

ዝም አለች። እውነት ለመናገር ምክሩ ደስ ብሏት ነበር፤ ደስ ስላላትም ራሷን ጠላች።

ዓርብ ዕለት አጎቷ ወንበር ይዛ እንድትሄድ ላካት። የእትዬ የሻሽ ግቢ ውስጥ ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥግ ላይ ያለው ቴሌቪዥን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ማንም ወደሱ አያይም። ወሬው ግን ስለ ዓባይ ነበር። ባዶ ፍላሽ መላኩን ሁሉም ሰምቷል። አንዷ ሴትዮ «ድሮም እምነት አይጣልበትም» አለች፤ ሌላዋ «ሳይቀርጽ ነው ቀረጽኩ ያለው» አለች። ልደት ወንበሩን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

የእትዬ የሻሽ ስልክ ጠራ። አዩት እንጂ አላነሱትም።

«እሱ ነው» አሉ። «ትናንት ‹በእናታችን አጥንት ይሁንብኝ፣ ልኬዋለሁ› ብሎ ሲምልልኝ ነበር። ‹እንግዲያው ከስልክህ ላይ ድጋሚ ላክ› ስለው፣ ‹ስልኬ ሞልቶ ከገለበጥኩት በኋላ አጠፋሁት› አይለኝም! ደግሞ አለቀሰ። ወንድ ልጅ ዋሽቶ ያለቅሳል?»

ስልኩ ዝም አለ። እትዬ የሻሽ ልደትን ሲያዩዋት ፊታቸው ትንሽ ፈካ አለ።

«ያላ፣ ነይማ የኔ ልጅ። አንቺ ታውቂበታለሽ። የዚህ ሰውዬ ቁጥር ዳግመኛ እንዳይደውልልኝ አድርጊልኝ። ይቻላል አይደል?»

«ይቻላል» አለች ልደት።

ስልኩን ተቀበለችው። የሚነካውን ታውቃለች፤ ዓይኗን ጨፍናም ታደርገዋለች። ከዚያ በኋላ ጎንደር ያለው ሰውዬ ይደውላል፣ ይደውላል፣ ማንም አይሰማውም። እትዬ የሻሽ እናታቸውን አጥተዋል፤ የቀራቸው አንድ ወንድም ነው፤ እሱን ደግሞ ልደት ልታጠፋው ነው፣ ያውም በራሳቸው ልመና። ብትናገርስ? ዴም ውስጥ ሁለተኛ ፍላሽ የሚልክላት አይኖርም። እነዚህ ሴቶች ሁሉ አሁን ስሟን ይዘው ያወራሉ፤ አጎቷ ቤት ሲገባ የሚያያትን አስተያየት ከወዲሁ አየችው። የእትዬ የሻሽን ዓይን ግን ልታስበው አልቻለችም። የእናትየው ምርቃት ተናገረችም አልተናገረችም ከእንግዲህ የትም የለም። የምታተርፈው ነገር የለም። ማልቀስ አማራት።

ስልኩ እጇ ላይ እንደገና ጠራ። ስክሪኑ ላይ «ዓባይ» ይላል።

«ዝጊው» አሉ እትዬ የሻሽ።

ልደት አነሳችው።

«የሻሽ? የሻሽዬ፣ በማርያም እንዳትዘጊው፣ አንዴ ስሚኝ…»

«እኔ ልደት ነኝ፣ ጋሽ ዓባይ» አለች። ለስልኩ ትናገር እንጂ የምታየው እትዬ የሻሽን ነበር። «ኮምፒውተር የምሠራው ልጅ። እርስዎ የላኩት ፍላሽ ባዶ አልነበረም። ደርሷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

 ከስልኩ ውስጥ የሰውዬው ለቅሶ ይሰማል።  እትዬ የሻሽ ዓይናቸውን ከልደት ሳይነቅሉ እጃቸውን ለስልኩ ዘረጉ።

ልደት ስልኩን ሰጠቻቸው። ወደ በሩ መሄድ ትችል ነበር፤ የያዛት ሰው የለም። እዚያው ፊታቸው ቆማ ጠበቀች።