እማዬ ኮቷን ስትጎትት

እናንተዬ፣ በሕይወት ያለ ወንድም እንዴት "ሞቷል" ይባላል? ልብስ ሰፊዋ ግን ይህንኑ እንድትምል ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። ከእናታቸው የወረሱት ባለ ሦስት ክፍል ቤት ለሽያጭ ቀርቧል፤ ገዢም ተገኝቷል። ወራሾቹ ሦስት ናቸው። ታላቅየው፣ እሷ ጋሼ የምትለው፣ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል። መካከለኛዋ እሷ ናት። የመጨረሻው ማሙሽ ነው፤ በያጁ ማሙሽ፣ ከቤት ከወጣ አሥራ አራት ዓመት ያለፈው። ሐኪሞቹ ጋሼ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት አይተርፍም ብለዋል። ለማሳከሚያ ከዚያ ቤት በቀር የሚሸጥ ነገር የላቸውም፤ ቤቱ ደግሞ ያለ ማሙሽ ፊርማ አይሸጥም!

"በጋዜጣ ጠርተነዋል፣ አልመጣም" አላት ጠበቃው። "አሁን የቀረው፣ ወሬው ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል፣ ሞቷል ብዬ አምናለሁ ብለሽ መማል ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ እንደ ሞተ ይቆጥረዋል፣ ሽያጩም ያልፋል። ገዢው ከዚህ ቀጠሮ ወዲያ አልጠብቅም ብሏል።"

"እሺ" አለች። ምን ትበል? አንዱን ወንድሟን ለማትረፍ ሌላውን በአፏ መቅበር ነበረባት።

ማሙሽ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ። በሰፈሩ ሌባ የበዛበት ሰሞን ነበር። የቤቱ ካርታ ከሳጥኑ ውስጥ ጠፋ፤ ምትክ የወጣለት ኋላ ነው። በዚያው ሳምንት እናታቸውን ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተዘጋ። ማሙሽ ደግሞ ከዚያ በፊት በሆነ ንትርክ መሃል "ይሄ ቤት ተሽጦ በተገላገልን!" ብሎ ነበር። የንዴት ወሬ! ጋሼ ግን ያቺን ቃል ያዘና "ካርታውን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ ከቤቴ ውጣ!" ብሎ ጮኸበት። እናትየው አልጋቸው ላይ ሆነው የጥቁር ኮታቸውን ጫፍ እየጎተቱ "እ... እ..." ይላሉ፣ እንባቸው ይወርዳል። በርዷቸው ነው ተባለና ኮቱን ትከሻቸው ላይ ደረቡላቸው። ማሙሽ በሩ ላይ ቆሞ ወደ እህቱ ዞረ።

"እታለም፣ አንቺም ታምኛለሽ?"

ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። ጋሼን ፈርታ ነበር። እናትየው ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ኮቱን ሲጎትቱ ኖረው ሞቱ።

ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ፍርድ ቤት የሚለበስ ደህና ልብስ ስላልነበራት፣ ያንኑ ኮት በልኳ ልታሳጥረው ከቁም ሳጥን አወጣችው። ጠርዙን ስትዳብስ ቆም አለች። የኮቱ ስፌት በሙሉ የመኪና ነው፤ ይህች አንድ ስንዝር ብቻ በእጅ፣ በድርብ ክር የተሰፋች ናት። ይህን እጅ አጥታው ነው? መርፌ መያዝ ያስተማራት የእናቷ እጅ ነው! በምላጭ ተረተረችው። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ከሌባ የተሸሸገ... የቤቱ ካርታ! ጩኸቷን ሰምተው ጎረቤቶቿ ሮጠው ሲደርሱ ኮቱን አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኟት።

በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። ካርታውን ጋሼ ደረት ላይ አስቀመጠችው።

"እማዬ በርዷት አልነበረም ጋሼ። እየነገረችን ነበር።"

ጋሼ ወረቀቱን አየ፣ ኮቱን አየ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ሲንሰቀሰቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንባውን ጠርጎ "አንዴ ከቤት አባረርኩት፣ አሁን ደግሞ ከምድር ላባርረው? እንዳትምዪ" አላት።

"አንተስ?"

"እኔን ተዪኝ።"

"አልተውህም! እሱንም አልተወውም። ያን ቀን ዝም ብያለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ዝም አልልም።"

የዚያኑ ቀን ያለ ጠበቃ፣ በራሷ እጅ ማስታወቂያ ጻፈች። "ማሙሽ፣ ካርታው እማዬ ኮት ውስጥ ተሰፍቶ ተገኘ። አንተ አልወሰድክም። እኔ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ጋሼ በጠና ታሟል፣ ይቅርታ ሊጠይቅህ ይፈልጋል። እባክህ ና። እታለም።" ከሥሩ የፍርድ ቤቱን ቀንና ቦታ ጨመረችበት። ብዙ ኮፒ አስነስታ በያጆች ያሉበትን ሁሉ አዳረሰች፤ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ሲላት በነጠላ ጫማ ቀጠለች። መናኸሪያ ሄዳ ረጅም መንገድ በሚወጡ አውቶብሶች የኋላ መስታወት ላይ ሳይቀር ለጠፈችው።

"እመቤት፣ ኋላዬን በምን ልይ?" አላት አንዱ ሹፌር።

"ኋላህን ተወው፣ ወንድሜ ያለው ፊት ለፊት ነው!"

ሹፌሩ ሳቀና ራሱ ለጠፈላት።

ሳምንቱ አለቀ። ማሙሽ የለም። ችሎቱ ፊት ቆማ "ይማሉ?" ስትባል ቀና አለች።

"አልምልም። ወንድሜ አልሞተም። ሌላ ቀጠሮ ይሰጠኝ።"

ጠበቃው ራሱን ያዘ። ገዢው ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ በሩ አመራ፤ ከእሱ ጋር የጋሼም ዕድሜ አብሮ የሚወጣ መሰላት። በሩ ላይ ግን አንድ ሰው ሲገባ መንገዱን ዘጋበት። ሽበት የገባው፣ እጁ በብየዳ እሳት የተጠቃጠቀ፣ ያንን ወረቀት በደረቱ የያዘ ሰው።

"እታለም" አለ።

"ማነህ?" አሉ ዳኛው።

"የጠፋው ነኝ።"

ችሎት መሆኑን ማን አስታወሰ? እህትና ወንድም አንገት ላንገት ተናነቁ፤ ዳኛውም እስኪበቃቸው ድረስ ጠበቋቸው። በኋላ ኮሪደሩ ላይ "የጋዜጣውን አይቼው ነበር" አላት። "ስለ ቤት ነው የሚያወራው፤ ቀድጄ ጣልኩት። ያንቺን አውቶብስ ላይ ሳነበው ግን የያዝኩትን መሣሪያ እዚያው ጥዬ መጣሁ።"

ገዢው ከበሩ ተመለሰ፤ ማሙሽም በዚያው ቀን ፈረመ። ቤቱ ተሸጠ። ጋሼ ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት፣ ዓይኑን ሲገልጥ አጠገቡ ማሙሽን አየ። "ይቅር..." ብሎ ሳይጨርስ ማሙሽ ግንባሩን ሳመው። አሥራ አንድ ቀን ከማሙሽ እጅ በላ፣ ጠጣ፣ እንደ ልጅነታቸው ተቀላለዱ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ያ የደከመ ልብ ቀጥ አለ። ወይ ዕድል! አሥራ አራት ዓመት ወስደሽ አሥራ አንድ ቀን ትመልሻለሽ? ያም ሆኖ ጋሼ ወንድሙን ሳይቀብር፣ በወንድሙ እጅ ተቀበረ። እሷ ያን ቀን ብትምል ኖሮ ይህችም አትገኝም ነበር።

ከሕክምናው የተረፈውን ሊካፈሉ ሲቀመጡ ማሙሽ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

"ለእኔ ኮቱን ስጪኝ።"

"ቆይ ጠርዙን ልስፋልህ" ብላ መርፌዋን አነሳች።

"አትስፊው" አላት። "እማዬ ተናግራ ሳትጨርስ አፏን መልሰን እንዳንዘጋው።"

መርፌዋን አስቀመጠችና ኮቱን እንደተተረተረ አጥፋ ሰጠችው።