ከስምንቱ ሰባቱ

ቅዳሜ ጠዋት በቀይ ሜዳ ጣቢያ ቁፋሮ የለም፤ ከምድር ደብዳቤ የሚገባበት ሰዓት ነው። ማርስ ላይ በረዶ የሚቆፍሩት ሠላሳ ሰባት ሠራተኞች ፊታቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ በየክፍላቸው ስክሪን ፊት ይቀመጣሉ። ደብዳቤ የሚሉት የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። እሱን ካዩ በኋላ ቁርስ ላይ የማን ልጅ ጥርስ እንዳበቀለ፣ የማን እህት እንደታጨች ይወራል።

የዚያን ቅዳሜ ግን የሁሉም ደብዳቤ ተበላሽቶ ገባ። የመገናኛ ቴክኒሻኗ ትርንጎ አስፋው የራሷን ስትከፍት ቡታጅራ ያለው የአባቷ ፊት በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ተበታትኖ አገኘችው። አንድ ቃል ይሰማል፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ግማሽ ቃል። ወዲያው በሯ ተንኳኳ፤ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ ነበር።

አንቴናው አቧራ ይዞታል ብላ የውጭ ልብሷን ለብሳ ወጣች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠረገች፣ ለካች፣ ፈተሸች። አንቴናው ምንም አልሆነም። የተበላሸው አሟዩ ነበር። አሟይ የሚሉት ከምድር ሲመጣ በመንገድ የጎደለውን ምስልና ድምፅ ገምቶ የሚሞላ ፕሮግራም ነው። መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ጥርስ እንደሚሞላ ሐኪም አልፎ አልፎ ትንሽ ቀዳዳ የሚደፍን ነበር የሚመስላቸው።

ትርንጎ የደብዳቤዎቹን መጠን ተመለከተች። እያንዳንዱ ሃምሳ ሜጋባይት ነው። አምስት ደቂቃ ጥርት ያለ ቪዲዮ አራት መቶ ሜጋባይት ገደማ እንደሚፈልግ ታውቃለች። ውሉን ከፈተች። «ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በሳምንት አራት መቶ ሜጋ» ይላል። ሜጋ ብሎ ያቆማል፤ የምን ሜጋ እንደሆነ አይናገርም።

ቢት የመረጃ ትንሿ ፍሬ ናት፤ ስምንት ቢት ተሰብስቦ አንድ ባይት ይሆናል። የመስመር ፍጥነት በቢት፣ የፋይል መጠን በባይት መለካቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ትርንጎም ይህን ለአዲስ ገቢዎች ስታስረዳ ኖራለች። ኩባንያው ግን የሰዎቹን ደብዳቤ በቢት ቆጥሮ አራት መቶውን ሃምሳ አድርጎታል። በዚያው ውል፣ በዚያው ገጽ ላይ ያለውን የቁፋሮ ሪፖርት ደግሞ በባይት ነበር የቆጠረው። ከስምንት እጅ ሰባቱ ከምድር ሳይነሳ እየቀረ፣ አሟዩ በግምት ሲሞላው ሦስት ዓመት አልፏል። ከዚህ የሚላከውም እንደዚያው ነበር።

በንዴት ጋለች። ወደ ጣቢያው ኃላፊ ወደ ኢንጂነር ልዑልሰገድ ቢሮ ሄዳ ያገኘችውን ነገረችው። እሱ አልደነገጠም።

«ያውቁ ነበር ማለት ነው?» አለችው።

«ስምሽን ጽፈሽ የፈረምሽበት ውል ነው። ደግሞስ ማን ተጎዳ? በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው አላማረረም።»

«ምን ብሎ ያማርር? የጎደለውን በምን ይወቅ?»

መስመሩ ጠባብ መሆኑን፣ ሠራተኛ በቤተሰብ ጣጣ እንዳይረበሽ ፕሮግራሙ ደህና ደህናውን እንዲገምት መደረጉን፣ ይህም ለነሱው ተብሎ እንደሆነ እያለዘበ ነገራት። ትርንጎ በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ዋናዎቹ ቅጂዎች ምድር ላይ ተቀምጠዋል። እሷም የማስላክ ሥልጣን ነበራት። መላኪያውና መቀበያው አንድ መስመር ስለሆነ፣ የዕለቱን የቁፋሮ ሪፖርት በአንድ ቀን አዘግይታ፣ በሱ ሰዓት የአባቷን የመጨረሻ አምስት ደብዳቤዎች ሙሉውን አስላከች። እንደምትቀጣበት ታውቅ ነበር።

ሲገባ አሟዩ ሠርቶ ካስቀመጠው ጎን ለጎን ከፈተችው። አሟዩ የሠራው አባት ፈገግ ብሎ ዓይን ዓይኗን ያያል፤ «እኔ ደህና ነኝ፣ ስለኔ አታስቢ» ይላል። እውነተኛው አባት ካሜራውን ስቶ ወደ ግድግዳው ነበር የሚያየው።

«ትርንጎዬ፣ ሐኪሙ ቀኝ ዓይንህ በቀዶ ሕክምና ካልተቀደደ ይጠፋል ብሎኛል። ልቀደድ ወይስ ልተወው? አንቺ ሳትዪኝ አልገባም።»

በሁለተኛውም ደብዳቤ ይህንኑ ጠየቃት። በሦስተኛው ላይ መልስ ያልሰጠችው ሥራ በዝቶባት እንደሚሆን ራሱ ተናገረላት። በአራተኛው ቀኝ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። በአምስተኛው ስለ ግራው ጀመረ።

አላለቀሰችም። ሠራተኞቹን ምግብ አዳራሽ ሰበሰበችና ሁለቱን ቪዲዮ አሳየቻቸው። ሁሉም ለኩባንያው አቤቱታ ፈረሙ፤ መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ፦ ጉዳዩ በሚቀጥለው ውል ይታያል። እስከዚያ አሟዩ ተጠግኖ ይመለስ ወይስ ይቅር በሚለው ላይ እጅ እንዲወጣ ተወሰነ። ትርንጎ ውጤቱን አልተጠራጠረችም ነበር።

ደጀኔ የሚባለው አንጋፋ ቆፋሪ ተነሣ። «ሚስቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትስቅልኝ ነው የኖርኩት» አለ። «እውነተኛዋ ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ይህችን አትንኩብኝ።»

ከሠላሳ ሰባቱ ሃያ እጅ ለአሟዩ ወጣ። ትርንጎ ቁጭ አለች። በኩባንያው ላይ የተናደደችው ንዴት ቀላል ነበር፤ ይህኛው የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ሌብነቱን አይተው፣ የተሰረቁትን ቆጥረው፣ ሌባው ይቆይልን ያሉት አብረዋት የሚበሉ ሰዎች ናቸው።

ክፍሏ ገብታ ደብተር አወጣችና አሰላች። ሃምሳ ሜጋባይት ለምስል አርባ ሰከንድ እንኳን አይሞላም። ድምፅ ግን ቀላል ነው፤ በሰከንድ ስልሳ አራት ኪሎቢት ይበቃዋል። ሃምሳዋ አንድም ቃል ሳይጎድልባት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ንግግር ትይዛለች። አባቷ ደግሞ ከእንግዲህ ምስል ምን ያደርግለታል?

ካሜራውን ዘጋች፤ የሷን መስመር ከአሟዩ ነቀለች። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ግራ ዓይኑን ዛሬ ነገ ሳይል እንዲያስቀድድ ነገረችው። ጎረቤት ሐኪም ቤት እያለ ማርስ ላይ ያለች ልጁን ፈቃድ መጠበቁ አናድዷት ጮኸችበት፤ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ እንደገና ተቆጣች። አርባ ደቂቃ አወራች።

በሳምንቱ አሥራ ሰባት ሰዎች ካሜራቸውን እንዴት እንደሚዘጉ ሊጠይቋት መጡ፤ ደጀኔ አልመጣም። የአባቷ መልስ በድምፅ ብቻ ገባ። መጀመሪያ ሳል ነበር፤ ወንበር ተንቋቋ፤ ከኋላ ራዲዮ ይሰማል።

«ማክሰኞ ቀጥረውኛል» አለ። «ድምፅሽ ሻክሯል፣ ልጄ። እዚህ ይመጣልን የነበረው ሁልጊዜ እንደ ማር ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልተቆጣሽኝም። ምን አድርጌያት ነው እንዲህ የራቀችኝ እያልኩ ስጨነቅ ነው የኖርኩት።»