ጨው የጻፈው መስመር

ፕሮፌሰር ቤልሚሩ ሞተው የተገኙት ማክሰኞ አስር ሰዓት ላይ፣ መስኮት በሌላት የመለኪያ ክፍል ውስጥ ነው። ከቧንቧ የፈሰሰ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚተነፍሱትን አየር ገፍቶ አስወጥቶባቸዋል። በሩ ከውስጥ እጀታ የለውም፤ ከወለቀበት ከመጋቢት ጀምሮ ሁሉም ሰው ክፍት እንዲሆን በጡብ ያስደግፈው ነበር። ያን ቀን ግን ጡቡ ኮሪደሩ ጥግ ተገኘ።

የሳኦ ካርሎስ ከተማ ፖሊስ ለማሰር አልዘገየም። ውጭ ያለውን የቧንቧ መክፈቻ ስድስት ሰዓት ላይ የነካው ቴክኒሺያኑ ዡራንዲር ነው፤ ሳይዘጋው ሄዷል፣ አሉ። ዡራንዲር ዘግቶት ነበር። ይህን እንዳያስረዳ ግን መንጋጋ ጥርሱን ያስነቀለው በዚያኑ ዕለት ሆነና ጉንጩ እንደ ማንጎ አብጧል፣ አፉም በጥጥ ታጭቋል። እጁ በካቴና፣ ምላሱ በጥጥ እንደታሰረ በማግስቱ ወደዚያችው ክፍል አስገቡት።

መርማሪ ዙሌይካ እሱንና የፕሮፌሰሩን ሁለት ባልደረቦች ሰብስባ በሩን ከውጭ በፖሊስ አስዘጋችው።

«ወይዘሮ ዙሌይካ፣ ለአራት ሰው አይጠብም?» አለ የቀመር ሊቁ ዶክተር ኤቫንድሩ።

«ይታገሱ ዶክተር። መጥበቡ ይጠቅመኛል።»

ቃላቸውን ቀድማ ተቀብላለች። ዶክተር ሊዢያ ከስምንት ተኩል እስከ አስር ሰዓት በአርባ ተማሪዎች ፊት ስታስተምር ነበር። ኤቫንድሩ ብቻውን ቢሮው ነበር። ዡራንዲር በዚያው ሰዓት የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነበር፤ ሐኪሙም የተነከሰ ጣቱን እያሳየ መስክሯል። ነገር ግን የክፍሉን ሙቀት የሚመዘግበው ወረቀት ተቀዶ ስለተወሰደ፣ ናይትሮጅኑ መቼ እንደፈሰሰ ያወቀ የለም።

«ይህቺኛዋ ብዕርስ ምን ትጽፋለች?» አለች ዙሌይካ፣ በሌላ የወረቀት ጥቅልል ላይ መስመር የምታሰምረውን የመሣሪያ ብዕር እያመለከተች።

«ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጨው ክሪስታል ኤሌክትሪክ የማቆር አቅም» አለች ሊዢያ። «ሦስት ቀን ሙሉ ሳታቆም ትጽፋለች። ጨዉ ሲሞቅ ከፍ፣ ሲቀዘቅዝ ዝቅ...» ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች።

ዙሌይካ ወረቀቱን እስከ ትናንቱ ድረስ ዘረጋችው። መስመሩ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቀጥ ብሎ መጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ገደል ገብቷል። ዡራንዲር ጥጡን ነከሰ፤ በዚያች ደቂቃ መንጋጋው እየተነቀለ ነበር።

«ሰዓቱን የደበቀው ሰው አንዱን ወረቀት ወስዶ ይህን ተወው። አቶ ዡራንዲር ወይም ዶክተር ሊዢያ ቢሆኑ ሁለቱንም ይወስዱ ነበር፤ ጨዉ ብርድ እንደሚሰማው ያውቃሉ። የእርስዎ ቀመር ግን ዶክተር ኤቫንድሩ፣ ይህ ጨው በዚህ ሙቀት ንቅንቅ አይልም ይላል። እርስዎም አመኑት። ፕሮፌሰሩ ግን አላመኑትም፤ ጽሑፍዎ ከመጽሔቱ እንዲሰረዝ የጻፉትን ደብዳቤ ኪሳቸው አግኝቻለሁ።»

ኤቫንድሩ ብዕሯን አየ። በአራቱ ሰዎች ትንፋሽ ክፍሉ እየሞቀ፣ መስመሩም ዓይኑ እያየ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ግንባሩን ጠረገ።

«በሩን አስከፍቺልኝ።»

«ፕሮፌሰሩም እንዲህ ብለው ነበር?»

«አንኳክተዋል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አምስት ደቂቃ ያህል። የቧንቧውን መክፈቻ ከፍቼ፣ ጡቡን እንደያዝኩ ደጅ ቆሜ ነበር።»

ዙሌይካ በሩን ሁለቴ መታች። ተከፈተ፤ ካቴናውም ከዡራንዲር እጅ ወደ ኤቫንድሩ ተሻገረ። ዡራንዲር ጥጡን መዳፉ ላይ ተፋና ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ።

«የበሩ እጀታ ይጠገን የሚለው ማመልከቻ ከመጋቢት ጀምሮ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፊርማ ይጠብቃል።»